የአፏ ጥግ ገና አልዳነም

ለእህቴ፣ ለእትዬ፤

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ደረጃውን አሁንም በየመሃሉ እየቆምሽ ነው የምትወጪው ወይስ ሐኪሙን ሰምተሽ ምድር ወዳለው ክፍል ተዛወርሽ? የምታስተምሪያቸው ሕፃናትስ ደህና ናቸው? ያ ጠመኔ የሚበላው ልጅ ተወው? ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለጠመኔ በላው ደግሞ ለብቻው። እኛ ደህና ነን።

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። እሑድ ጠዋት ነው። የአከራዬ ድመት ወልዳለች፤ ልጅቱ ግልገሎቹን ልታይ ሄዳለች። ድምፅዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ከእኔ ጋር ከምታወራው ይልቅ ከድመቷ ጋር ብዙ ታወራለች። በድመትም ቀናሁ። ከዚህ ተነሺና የቀረውን ገምቺ።

ማክሰኞ በስልክ «የአፏ ጥግ ገና አልዳነም፤ ሲሻላት አመጣታለሁ» አልኩሽ። አንቺም «ለአፍ ቁስል ሁለት ሳምንት ሙሉ!» አልሽና ዝም አልሽ። ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝ ያ ዝምታሽ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ በስልክ ሁልጊዜ ትቀድሚኛለሽ። ሳልጨርስ «ገባኝ» ትያለሽ። በወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

የጀመራት ለእረፍት ወደ እኔ በመጣች በአራተኛው ቀን ነው። ደረቅ ነፋስ ነበር። ከንፈሯን ትልሳለች፤ ስትልሰው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ትልሰዋለች። ጠዋት ዳቦ ስሰጣት አፏን ከፈተችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው። በግራም በቀኝም ጥጉ ተሰንጥቋል፤ መሃሉ ቀልቶ ጠርዙ ነጣ ብሏል። ማንኪያ አይገባላትም። ስታዛጋ ታለቅሳለች። ሳቅ ሲመጣባት ሁለቱን ጥግ በጣቶቿ ይዛ ነው የምትስቀው፤ ጥርሱን እንደሚደብቅ ሽማግሌ።

እናታችን የምታደርገውን አደረግሁ። ሎሚና ጨው። «የሚያቃጥል ያድናል» ትል አልነበር? ዕድሜዬን ሙሉ አምኜው ኖሬያለሁ። ልጅቱ ጮኸች። እንዲያው ማልቀስ እንዳይመስልሽ፤ አከራዬ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩን ከፍታ ገባች። ልጅቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ «እማ እንዲህ አታደርግም! እማ አታቃጥልም!» አለች።

እማ አንቺ ነሽ። እኔን በምንም አትጠራኝም። «ስሚ» ትለኛለች፣ ወይም መጥታ ቀሚሴን ትጎትተኛለች።

ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ሆና እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንቺ አድነሻታል፤ ለእኔ ግን አንድ ቃል አልነገርሽኝም። ጥርሷ መነቀሉን ጻፍሽልኝ፣ ጫማዋ እንደጠበባት ጻፍሽልኝ። ይህ የለም። ለአንቺ ትንሽ ነገር ነበር፤ ቀባሽው፣ ዳነ፣ አለቀ። ለእኔ ግን በልጄ ፊት ላይ የማላውቀው በር ያለ መሰለኝ።

ሥራ ስገባ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደምታውቂው ከመሬት በታች ነው፤ ከአንሶላ መተኮሻው በሚወጣው እንፋሎት ሰው የሚለየው በድምፁ ነው። ሁሉም ሐኪም ሆነ። ፎጣ አጣፊዋ «ማር ነው፣ ሌላ እንዳትነኪ» አለች። ከአጠገቧ ያለችው «ማር ከቀባሻትማ ትልሰዋለች፤ በሽታውስ መላሱ አይደል? ቅቤ ነው የሚሻላት» ብላ መለሰችላት። የቦይለሩ ሰውዬ ጭንቅላቱን በበሩ አስገብቶ «አንቺ ዕድለኛ፣ ልጄ አፏን ዘጋች ብለሽ ታዝኛለሽ? የእኔዎቹን ሦስቱንም በያዘልኝ!» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፎጣ አጣፊዋ «ለመሆኑ ከዚህ በፊት ሲይዛት ምን ነበር የምትቀቢያት?» አለችኝ። የማንም ያልሆነ የፎጣ ክምር አንስቼ ወጣሁ።

አከራዬ ደግሞ «ምች ነው» ብላ ቅጠል አሽታ መጣች። ልጅቱ እጄን ጥብቅ አድርጋ ስትይዘኝ አከራዬን በሩ ላይ መለስኳት። ያን ዕለት እጄን መያዟ ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ የሎሚውን ነገር ስነግራት ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች። ጨው የለም፣ ሎሚ የለም፣ ኮምጣጣ ነገር እስክትድን አፏ እንዳይደርስ አለችኝ። ምራቋን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው እንጂ አትፈትጊው፤ ከምግብ በኋላና ስትተኛ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢያት፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠል ትብላ፤ በዚህ ካልዳነች መልሰሽ አምጪያት። ከዚያ ካርዱን እየሞላች «ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከእኔ ጋር» አልኩ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ስላመማት ይሁን ስላዘነችልኝ አላውቅም፤ አላጋለጠችኝም።

መጀመሪያ የቀባኋት ጊዜ ጣቴን ይዛ መረመረችው። ጣቴን ታውቂዋለሽ፤ ሳሙናና እንፋሎት የበላው። «ይቧጭራል» አለች። ከዚያ አስተማረችኝ። እማ መጀመሪያ እጇን ታሻሻለች፣ እንዲሞቅ። እማ የምትቀባው በዚህች በትንሿ ጣት ነው። እማ ከቀባች በኋላ እፍ ትላለች፣ እስከ ሰባት ትቆጥራለች፣ ሰባት ላይ አፍንጫዬን ትነካለች።

እናቷ ነኝ፤ በገዛ ልጄ አፍ ላይ ተማሪሽ ሆንኩ። እጄን አሻሸሁ። እፍ አልኩ። ቆጠርኩ። ሰባት ላይ አፍንጫዋን አልነካሁም፤ እሱ የአንቺ ነው። ስምንት አልኩ። ዘጠኝ አልኩ። ግራ ገብቷት ልትስቅ ስትል ጥጉን በጣቷ ያዘች።

ቅናት ነው። ስሙን ልጻፈው። ሴት በባሏ ትቀናለች፣ በጎረቤቷ ቤት ትቀናለች። እኔ በትንሿ ጣትሽ ቀናሁ። እና ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ልጻፈው ልተወው እያልኩ ነው። እናታችን ሎሚውን ቀብታኝ ስትሄድ ጭንቅላቴን ይዘሽ እፍ ትይልኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እስከ ሰባት እየቆጠርሽ። ያ እፍታ የእኔ ነበር፤ ለሌላ ሰው ትሰጪዋለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም። ታዲያ የቀናሁት በአንቺ ነው ወይስ በልጄ? እንጃ።

ልጅቱ መጣች። ግልገሎቹ አምስት ናቸው ትላለች። አቋርጣለሁ።

ሰኞ፣ የምሳ ሰዓት። የተጣጠፉ አንሶላዎች ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ አለቃዬ ካየኝ ወዮልኝ።

ልጅቱን ስሰጥሽ «ለስድስት ወር» ብለን ነበር። ሁለት ዓመቷ ነበር። ፈረቃዬ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፣ የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ አባቷም እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አራት ዓመት ሆነ። ውለታሽ አይካድም፤ ብክድ ምድር ትጠየፈኝ። አሁን ግን የቀን ፈረቃ ከተሰጠኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ነግሬሻለሁ። መልስ አልሰጠሽኝም፤ ቅጽ ላክሽልኝ። አንደኛ ክፍል እዚያው አንቺ ዘንድ እንድትገባ። «አሳዳጊ» የሚለው ላይ ስምሽን ባማረ ጽሑፍሽ ሞልተሽ፣ «የወላጅ ፊርማ» የሚለውን ባዶ ትተሽ። እስከ ዓርብ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል ብለሻል። ከሆቴሉ ጀርባም ትምህርት ቤት አለ። ሁለት ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ግቢው ጥላ አለው።

ዳነ እኮ፣ እትዬ። መቀባት በጀመርኩ በዘጠነኛው ቀን ዳነ። ጠዋት ተነስቼ ዳቦውን እስከ ጉንጯ ስትገምጥ አየኋት። ጥጉ ላይ ስስ መስመር ብቻ ቀርቷል። በእኔ እጅ ዳነች ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እሷ ዳቦውን ሳትውጥ «አሁን ወደ እማ መሄድ እችላለሁ?» አለችኝ። በደስታ ነው እኮ። ክፋት የላትም።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ብርቱካን ገዛሁ። ሻጯ «ገና ነው፣ ይኮመጥጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ይሻልሻል» አለችኝ። ልጅቱ ብርቱካን ትወዳለች። እናት ለልጇ ብርቱካን ብትገዛ ምን ነውር አለው? በማግስቱም ገዛሁ። ቫዝሊኑ ደግሞ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሁለት ቀን ጠፋ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው።

በሦስተኛው ቀን ጥጉ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልሽ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ከወለድኳት ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። አገጯን መዳፌ ላይ አሳርፋ ዐይኗን ትጨፍናለች። ቫዝሊኑ ተገኝቷል። «ይቧጭራል» ማለቷን ትታለች፤ እስከ ዘጠኝ አብረን እንቆጥራለን። ጠዋት እቀባታለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ብርቱካን እልጥላታለሁ።

ከትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ልጬ ሰጠኋት። አንዷን ክፋይ አነሳችና ጥጉ እንዳይነካባት አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ እንደ ጫጩት አፏን ከፈተች። ጭማቂው ወረደ። ዐይኗ እንባ ሞላ። ቀጥላ ሌላ አነሳች። «ካመመሽ ተዪው» አልኳት። «ብርቱካን ስበላ ነው እኮ የሚያመኝ» አለች። ልትከሰኝ አይደለም፤ እንዲያው የምታውቀውን ልትነግረኝ ነው። ታዲያ ለምን ትበያለሽ አልኳት። «አንቺ ስለገዛሽልኝ» አለችኝና ክፋይዋን ዋጠች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ አልጽፍልሽም። የቀሩትን ብርቱካኖች ለአከራዬ ሰጠኋት። አንዱን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና «ይህን ለልጅ ትሰጪያለሽ እንዴ? ጥርስ ያስረግፋል!» አለች። አልቀመስኩትም አልኳት። እውነቴን ነው፤ አንድም ቀን አልቀመስኩትም።

ቅጹን ዛሬ ጠዋት ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም። አንቺ ከእኔ ትሻያታለሽ ብዬም አይደለም፤ ይህን እንዳታስቢ። ከእኔ ጋር እንድትሆን የምፈልገው ምን ያህል እንደሆነ አየሁትና ፈራሁ። ሐሙስ ፈረቃ ተቀያይሬ ራሴ አመጣታለሁ። እስከዚያ ቫዝሊን ብቻ ነው፤ እንቁላልና ምስር ትበላለች። ኮምጣጣ ነገር ቤቴ ውስጥ የለም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሲያማት ንገሪኝ። ካዳንሻት በኋላ አይደለም፤ እንደተሰነጠቀ፣ ገና ሳትቀቢያት ደውዪልኝ። ከዚህ ሆኜ ምንም አላደርግላትም። ልወቀው ብቻ።

በር ላይ ስትቀበያት መጀመሪያ የምታዪው አፏን ነው። ስንት የልጅ ቁስል አይተሻል፤ የስንት ቀን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ትለያለሽ። እሷን አትጠይቂያት፤ ብርቱካን እንደምትወድ ብቻ ነው የምትነግርሽ። ሻንጣዋን ይዤ ከኋላዋ እቆማለሁ። እኔን ጠይቂኝ።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይዳንልሽ። ሐሙስ እስክንገናኝ ክፉ አይንካሽ።

ታናሽ እህትሽ፣
የልጅቱ እናት