የጋሽ ሪዙ ግማሽ ሪዝ

ውድ ጋሽ ሪዙ፣

ልጅዎ ዘንድ ተመችቶዎታል? እዚያ የሚያስተካክልዎት ሰው ያንን ስም ያወጣልዎትን ሪዝ በአግባቡ እንደሚይዝልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንዴት እንደያዝኩት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እስከ ዛሬም ይስቁብኛል።

ልጽፍልዎ እያሰብኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን አይሆንልኝም፤ አፌ ለቀልድ እንጂ ለቁም ነገር አይፈታም። በወረቀት ይሁንልኝ።

ያኔ ምን ላይ እንደነበርኩ ሙሉውን አልነገርኩዎትም። የአከርካሪዬ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቩን ሲጫነው ወገቤንስ ቻልኩት፤ የገደለኝ እግሬ ነው። ከመቀመጫዬ እስከ አውራ ጣቴ እሳት ይወርድበት ነበር። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ካልቆመ ምን ሊበላ ነው? ደንበኛን "ተኛልኝ፣ እኔም ጎንህ ጋደም ብዬ ላስተካክልህ" አይሉት ነገር! ሐኪሜ መጀመሪያ ያዘዘችልኝ ማስታገሻ ለወገቤ ትንሽ ቢያግዝም ለእግሬ ምንም አልፈየደም። ከዚያ ሐኪሟ ለነርቭ የሚሆን እንክብል ጀመረችልኝ። "መጠኑን ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው፤ ታገስ" ብላኝ ነበር።

እኔ ልታገስ? ገና በቅጡ ሳልጀምረው "ይሄማ አይሠራም" አልኩ። ሰፈራችንን ያውቁት የለ፣ መድኃኒት እንደ ክብሪት የሚዋዋስ ሰፈር ነው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከኪሱ የተረፈ ክኒን ያወጣልኛል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ያን ቀን ጠዋት እንክብሌን ደርቤ ዋጥኩና ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የሰጠኝን የጡንቻ ማፍታቻ ጨመርኩበት። ለባለቤቴ "በዚህም ካልቆምኩ ሱቁን ዛሬ እዘጋዋለሁ" ብያት ነው የወጣሁት። አልቅሳለች። ይህን አያውቁም።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ሕመሙስ እውነትም ጠፋ፤ እኔም አብሬው ጠፋሁ እንጂ! ቶንዶሱን እንደያዝኩ ቆሜ አንቀላፋሁ። ብንን ስል የቀኝ ሪዝዎ መሬት ላይ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጋሼ፣ ይግደሉኝ" አልኩ።

መስታወቱን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ውጠህ ነው?"

ነገርኩዎት።

"በል ና፣ ሐኪምህ ጋ እንሄዳለን።"

"እሺ፣ ግን ግራውንም ላንሳልዎትና እኩል ይሁን" ብል፣

"እንዳትነካው! ማስረጃ ነው!" ብለው ጮኹብኝ። ጡረታ ቢወጡም ጠበቃ ጠበቃ ነው።

እኔን ደግፈው፣ በግማሽ ሪዝ፣ በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ ሄዱ። ያን ሁሉ ዘመን ተንከባክበው ያሳደጉት ሪዝ! ተራ ስንጠብቅ ሰው አፉን ይዞ ሲስቅ እርስዎ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ሐኪሟ ደንግጣ "እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?" ስትልዎት፣ "እኔ ጤነኛ ነኝ። የዚህ ልጅ መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረገኝ" አሏት።

እሷ ግን አልሳቀችም። መድኃኒቶቹ ሲደራረቡ እንዲህ እንደሚያፈዝዙ፣ ትንፋሽ እስከማሳጠርም እንደሚደርሱ ነገረችኝ። የሰው ክኒን አስጣለችኝ። የራሴን መጠን ቀንሳ ከመኝታ በፊት አስጀመረችኝና እያየች እያየች ጨመረችልኝ። "ዲስኩን አይመልሰውም፤ ጭራሽ የማይሠራላቸውም አሉ። አብዛኛው ሰው ግን በጊዜ ይሻለዋል፤ ይህ እስከዚያ እንዲያስችልህ ነው" አለች። እርስዎም "ሰማህ? እስከዚያ!" ብለው በክርንዎ ጎሰም አደረጉኝ።

እሳቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። መጀመሪያ ከጣቴ ለቀቀ፣ ቆይቶ ከባቴ። እርስዎም እስኪሄዱ ድረስ ጠዋት ጠዋት በበሩ ብቅ እያሉ "ዛሬስ የማንን ዋጥክ?" ይሉኝ ነበር። ደንበኛ ፊት ሲሉኝ እናደድ ነበር፤ ልዋሽዎት አልችልም። አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው፤ እንዲህ እየወደደ የሚቆጣኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ሲቀሩብኝ ነው የገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን እንክብሉን እየቀነስኩ ነው። ሐኪሟ ባለችኝ መሠረት ነው፣ በራሴ አይደለም፣ እንዳይቆጡ! ሱቁም ክፍት ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ይህን መጻፍ ስጀምር ባለቤቴ "አሁን እንኳ አረፍ በል እንጂ" ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። እምቢ አልኳት። ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎ ቆሜ ነው።

አክባሪ ልጅዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ