በሽንት ቦይ ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ኤሌክትሪክ አላበራም ያሉት የኤኖስ ኦግዌኖ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ኤኖስ ኦግዌኖ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ኤሊያኪም ራዲንግና ከእናታቸው ከፔሬስ አዴሮ በ1961 እ.ኤ.አ. በኪሱሙ አጠገብ ባለችው የሐይቅ ዳር መንደር በዱንጋ ተወለዱ። ኪሱሙ ከተማ ተምረው፣ ሬዲዮ ጥገና ሠርተው፣ በመጨረሻም ቤንጋ የተባለውን የጊታር ጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች የድምፅ ባለሙያ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚቀላቅል ሰው መድረክ ጥግ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ የሚሰማውን በግምት ነበር የሚሠራው። ኦግዌኖ ግን የማይክሮፎኖቹን ሁሉ መስመር በአንድ ወፍራም ልባስ የያዘውን መልቲኮር ገመድ እስከ ሕዝቡ መሐል ዘርግተው፣ ከአድማጩ ጋር ቆመው ይቀላቅሉ ጀመር። ሲጨርሱም ገመዱን ወልውለው ራሳቸው ይጠቀልሉት ነበር።

በ1994 በአንድ የሙዚቃ ድግስ ላይ አዘጋጁ፣ ስሙን እዚህ ማተም ተጠይፈናል፣ ገመዱ የክብር እንግዶችን መቀመጫ አበላሸ ብሎ፣ ኦግዌኖ ምሳ በሄዱበት አስነሥቶ ሰካራም በሚሸናበት ቦይ ውስጥ አስገባው። በላዩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጋደመበት። ዘፈኑ እንደተጀመረ ድምፅ ማጉያው አጓራ፤ ዘፋኟ አፖንዲ ማይክሮፎኑን ሲይዙ ነዘራቸው፤ መዳፋቸው ተቃጠለ። ኦግዌኖ ሮጠው ኤሌክትሪኩን አጠፉ።

«አብራ! ሕዝቡ ከፍሎ ነው የገባው!» አለ አዘጋጁ።

«ሴትዮዋን ልትገድላት ነው እንዴ? ሽንት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዘርግተህ!»

«ባክህ፣ ትንሽ ሽንት ሰው አይገድልም።»

ጠርሙስ ተወረወረባቸው፤ ግንባራቸው ተፈነከተ፤ አላበሩም። በማግስቱ ያ ሰው «ሰክሮ ነው ያጠፋው» ብሎ አስወራ፤ ቢራ ቀምሰው የማያውቁትን ሰው! ሁሉን ያዩት የባንዱ ሙዚቀኞች ሥራ እንዳያጡ አፋቸውን ዘጉ። ዝምታቸው ከዚያ ቦይ የባሰ ይከረፋል፤ ዛሬም እዚህ ጥቁር ለብሰው የተቀመጡ አሉ።

አፖንዲ ግን በቀጣዩ ዝግጅት መዳፋቸውን ለሕዝቡ ዘርግተው «ያተረፈኝ ያ ሰክሯል የተባለው ሰውዬ ነው። እሱ ካልመጣ አልዘፍንም!» አሉ፤ ከመድረክም ወረዱ። ሕዝቡ ራሱ ኦግዌኖን ከቤታቸው ጠርቶ አመጣቸው። ኦግዌኖና አፖንዲ በ1996 ተጋብተው ሄራንና ኦዴራን ወለዱ።

ወንድማችን በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ያ አዘጋጅ አበባና ድምፅ ማጉያ ልኮልን ነበር፤ ንግግር ላድርግም ብሎ ነበር። አበባውንም ማጉያውንም መልሰናል፤ ንግግሩንም ከልክለናል። ስለዚህ ወይዘሮ አፖንዲ አሁን ያለ ማይክሮፎን ይዘምራሉና ጠጋ በሉ። እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በንጹሕ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ያጽናናልን።

እህታቸው ዶርካስ አዊኖ