እሜቴ የሚለኝ ሼል

ሰኞ

ዛሬም አስር ደቂቃዬ በከንቱ ሄደ። እዚህ አረብ አገር የምሠራላት ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ያለችኝ አንድ ሰዓት ብቻ ናት፤ ከእሷም አስሩን ደቂቃ ያንኑ መስመር ደጋግሜ በመጻፍ እጨርሳለሁ። ይሄ ፓይተን ሼል የሚባል፣ ኮምፒውተሬ ላይ ፕሮግራም የምጽፍበት ጥቁር መስኮት አንድ መስመር ሲጽፉለት ወዲያው ይመልሳል፣ ደስ ይላል። ሲዘጋ ግን ሁሉን ይረሳል። ሒሳቡን ጥሪ፣ ቀኑን ጥሪ፣ ፋይል ማንበቢያውን ጥሪ… እንደ አዲስ!

ሐሙስ የፕሮግራሚንግ ኮርሱ ፈተና አለ። ሠላሳ ደቂቃ፣ አራት ጥያቄ። ያለፈ የኮርሱ ሁለተኛ ዙር ይገባል፣ በነፃ። ካላለፍኩ ስንት ዓመት የሰው መስኮት ስወለውል እንደምኖር አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚያስተምረንን ዮናስን ጠየቅኩት። «መነሻ ፋይል አዘጋጂ፣ ሼሉ ሲከፈት ራሱ ያነበዋል» አለኝ። አዘጋጀሁ። ሼሉ «ፋይሉ የለም» አለ። አለ እኮ፣ ዓይኔ እያየው! ለካ ፋይሉን የጻፍኩበት ኖትፓድ ከስሙ ኋላ «.txt» የሚል የራሱን ጅራት ቀጥሎበት ኖሯል። ጅራቱን ቆረጥኩት፣ ሠራ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ረቡዕ

ሁሉም ገባ፦ ሒሳቡ፣ ቀኑ፣ ፋይል ማንበቢያው። ሼሉ በየመስመሩ መጀመሪያ የሚያወጣቸውን ሦስት ቀስቶችም በቃል ቀየርኳቸው። ቀኑን ሙሉ «ማዳም፣ ማዳም» ስል እውላለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን «እሜቴ» ይበለኝ። የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለወጣ በላቲን ጻፍኩት።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው ስለተባለ ማዳምን ለነገ ሦስት ሰዓት አስፈቀድኳት። «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም አለች፤ ያኔ ተኝታ ነው የምትሆነው።

ሐሙስ

ጉድ ሆኜ ነበር! ጠዋት ሳሎን እየወለወልኩ ስልኬ ጮኸ። ዮናስ ነው፦ «የት ነሽ? ሁሉም ገብቷል እኮ!» ሦስት ሰዓት ያለው የኛን ሦስት ነው፣ የጠዋቱን። እኔ ግን በማዳም ሰዓት መኖር ለምጄ፣ ሦስት ሰዓት ሲባል ከቀትር በኋላ፣ ምሳ የተነሳበት ነው የሚታየኝ። ደነዝ!

«ማዳም፣ ኢምቲሃን! አሁን ነው ፈተናው!» አልኳት። በኮሮናው ሰዓት እላፊ ምክንያት ሁሉም ቤት ናቸው፣ ቤቱ ገና አልጸዳም። እጄን አየች፤ በረኪናው ይንጠባጠባል። «ያላ፣ ሩሒ»፣ በይ ሂጂ አለችና መወልወያውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። እግዜር ይስጣት።

የቀረኝ አስራ አራት ደቂቃ ነበር። ሼሉን ስከፍተው እሜቴ አለኝ፣ ሁሉም በቦታው። እንደ ሰኞው ቢሆን አስሩን ደቂቃ መስመር ስጽፍ እፈጀው ነበር። ሦስቱን ጥያቄ ሠራሁ። አራተኛው ግማሽ ላይ ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት ዮናስ ጻፈልኝ፦ «አርፍደሽ ሦስት መሥራትሽ ገረመኝ። መነሻ ፋይልሽን ለክፍሉ ሁሉ ላኪላቸው።» ላክሁ። ወዲያው ከክፍሉ አንዷ፣ እዚሁ አገር ጀህራ የሚባል ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ፣ «እህቴ፣ እንዴት ነው የማስገባው?» ብላ ደወለችልኝ። አንድ በአንድ አሳየኋት፣ የኖትፓድን ጅራት ጭምር። ሲሠራላት እልል አለች።

ልወድቅ እችላለሁ። ግን ዛሬ ሰው አስተምሬያለሁ።