የወፏ ሌላኛው ክንፍ

እህቴ፣ የጥንት የዴስክ ጓደኛዬ፣

ሐይቅ ውስጥ አልወደቅሁም። ወንድሜ ወሬ ማሳመር ስለሚወድ አትመኚው፤ የወደቀው ባርኔጣዬ ነው።

ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ የሚበር ወፍ ጥላ ሆኖ እንደሚታይሽ ከነገርሽኝ ጀምሮ፣ ላባው አንድ በአንድ የሚለይ ፎቶ ላመጣልሽ ቆርጫለሁ። የዚህ ሐይቅ ወፎች ግን ጣሪያሽ ላይ ተኮፍሰው ጥሬ እንደሚጠብቁት እርግቦች አይደሉም፤ ለአፍታም አያርፉም። ያነሳሁት ሁሉ ጭጋግ ሆነ።

የልጅ ልጄ «እማማ፣ ለካሜራው ይተዉለት፤ እሱ ራሱ ያውቃል» አለችኝ።

«ቢያውቅማ ወፏን ትቶ ደመናውን ባላነሳ!» አልኳትና የሻተሩን፣ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ የሚዘጋውን፣ ፍጥነት ወደ ሰከንድ ሁለት ሺህኛ ወሰድኩት። ምስሉ ሲጨልም እንዲፈካ አይኤስኦ የሚሉትን የብርሃን መጠን ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ጥርት ያለ ባዶ ሰማይ ወጣልኝ! ለካ በልጅነታችን ፎቶ ቤት እንዳስለመዱን ትንፋሼን ውጬ ተገትሬያለሁ። በራሪን የሚያነሱት ካሜራውን ይዘው አብረውት እየዞሩ ነው። ስዞር ነፋሱ ባርኔጣዬን ነጠቀኝ።

«እማማ፣ ባርኔጣዎ!»

«ተይው! ወፏን አታባርሪብኝ!»

አንዱ ክንፍ ከነላባው ወጣ፤ ሌላው ከፎቶው ውጭ ቀረ። ግማሽ ወፍ ይዤልሽ አልመጣም። ወረቀቱ ጠበበኝ እንጂ የምልሽ ብዙ ነበር፤ ጉንጮችሽን ደጋግሜ ስሜያለሁ፤ የዓይን ጠብታሽን እንዳትረሺ።

ወደ ቤት የምንሳፈረው ነገ ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ሌንሱን እወለውላለሁ፣ ሁለት ሺህኛው አለመነካቱን አያለሁ፣ ጸጉሬን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ፣ ከዚያም ያስቀረሁብሽን ክንፍ ልፈልግ እወጣለሁ።