አርባ አንድ ዓመት ያደረ መርዶ

አሽዶድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ ብዙአለም፣ የናቴ ልጅ፣

ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ ከደጅሽ ሲቆም ምን እንደመጣ ያን ጊዜውኑ ገብቶሻል። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ አውቃለሁ። እኔው ራሴ ጎንደር መጥቼ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ሐኪም አውሮፕላን ከለከለኝ። ስለዚህ ሰው ሰብስቦ፣ ጎንሽ ተቀምጦ እንዲያነብልሽ ለአጎታችን ልጅ ለሙላት ላክሁለት። ሙላት፣ አንተም ስማኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትዘል። እኔን ለመሸፈን ብለህ ብታለሳልስ አልምርህም።

ይታየው ሞቷል፣ እቴ። ባልሽ የሞተው ዛሬ አይደለም። በ1976 ክረምት፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እኔ ታስሬ በነበርሁበት ቤት ነው። «ካርቱም ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም» ብዬ የላክሁብሽ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ አልቅሺ። ሙላት ይጠብቅሻል።

መቼም «ምነው ካልጠፋ ቀን ዛሬ?» ትይኛለሽ። ከወደቡ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አረጋውያን በምንሰበሰብበት ሞአዶን ነው የምውለው። አምና ናዓማ የምትባል ጠበቃ መጣችብን፤ እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ፣ አማርኛዋ ስብርብር ያለ። «ሱዳን የታሰራችሁ አላችሁ? አገሪቱን በሕግ መጠየቅ ይቻላል» አለች። ሁላችንም ጣራ ጣራ አየን። እኔማ ሳቅሁባት። «ልጄ፣ ሰው ይከሰሳል እንጂ አገር እንዴት ይከሰሳል? ያሰረን አዛዥ ሞቷል፣ የሱዳን መንግሥትም ስንቴ ተገልብጧል» አልኋት።

«አባ ሽባባው፣ አገሪቱ ያው ናት» አለችኝ። «ሰው ያለ ፍርድ አስሮ፣ አሠቃይቶ፣ የት እንዳደረሰው ያልተናገረ መንግሥት፣ እስኪናገር ድረስ ጥፋቱ አላለቀም። የዓለም ሕግ እንዲህ ነው የሚለው።» ጄኔቫ ላይ የተሰወሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተል የተባበሩት መንግሥታት ቡድን አለ፤ መንግሥቱን «ሰውየውን የት አደረስኸው?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል። ማስገደድ ግን አይችልም። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ መልስም ላይመጣ ይችላል። ይህንንም አልደበቀችኝም።

ሃኪርያ ሰፈር ወዳለው ቢሮዋ በአውቶቡስ አራት ቀን ተመላለስሁ። ሦስቱን ቀን ይታየው መያዙን ብቻ እየነገርሁ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድባት ዋልሁ። በአራተኛው ቀን ጦፌሱን፣ የሚሞላውን ወረቀት ማለቴ ነው፣ አወጣችና «ይታየው እንዴት ተያዘ?» አለችኝ። መስኮት መስኮቱን ሳይ «አይታወቅም ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«የለም፣ እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ» አልኋት።

እኔ ነኝ፣ እቴ። ሱዳን ስደተኛ ሰፈር ወደ እስራኤል መሻገሪያ ስንጠብቅ አይሁድነታችንን ደብቀን ነበር የተቀመጥነው። ሰንበት እሳት አናነድ፤ የሱዳን መንግሥት ሰላዮችም ይህን ደርሰውበት ቅዳሜ ቅዳሜ ጢስ የማይወጣበትን ጎጆ ያስሱ ነበር። ብልሆቹ አርብ ሳይመሽ እበት እያጋሙ ይተዉና በማግሥቱ ይጨስላቸዋል። ይታየውም እንዲያ አድርግ ብሎ ለመነኝ። እኔ ተመጻዳቂው፣ «ሰንበትን በተንኮል አላከብርም» አልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ያዙኝ።

«ሰዎቹን ከሰፈር እያወጣ መኪና ላይ የሚያሳፍረው ማነው?» እያሉ ዘቅዝቀው ሰቀሉኝ፣ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። አራት ቀን ቻልሁ። በአምስተኛው የባልሽን ስም ሰጠሁ። የሞተ ሰው ስም መስጠት ይቻል ነበር እኮ! ትዝም አላለኝ። እውነተኛው ነው ከአፌ የወጣው።

በማግሥቱ አመጡት። ከግድግዳው ማዶ ሦስት ቀን ሰማሁት፤ በአራተኛው አልሰማሁትም። በብርድ ልብስ የጠቀለሉትን ሲያወጡ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ እግሩ ወጥቶ ነበር። የት እንደቀበሩት አላውቅም። እኔን በሦስተኛው ወር ለቀቁኝ።

ናዓማ አለቀሰች። «በሥቃይ የወጣ ቃል በማንም ላይ ማስረጃ አይሆንም፣ በአሠቃዩ ላይ ብቻ ነው የሚሆነው። አንቱም ተበዳይ ነዎት፣ አባ» አለችኝ። ሕጉ ደግ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወግቼም ተወግቼም ስለሆነ የቱንም አልረሳሁ።

ሦስት ጊዜ ወደ እስራኤል ነይ ተብለሽ «መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ» ብለሽ የቀረሽው በኔ ውሸት ነው። ሌላ ሳታገቢ፣ ልጅ ሳትስሚ። በደወልሁ ቁጥር «ወሬ አለ?» ትይኛለሽ፤ እኔም «ኧረ የለም፣ እቴ» እልሻለሁ። አፈር በበላሁ!

ሙላት አንድ ወረቀት ይዟል። አቤቱታው የሚገባው በሚስት ስም ነው፤ ያላንቺ ፊርማ አይሄድም። ናዓማ ስሜን ልትደብቅልኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ እምቢ አልሁ። ብትፈርሚ ቃሌ እንዳለ ይያያዛል። ባትፈርሚም መብትሽ ነው፣ ማንም አያስገድድሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ አፌ አይደፍርም። ተዝካሩን ግን አውጪለት።

አንድ ነገር ነግሬሽ ላብቃ። ሰዎቹን ስናሳፍር እኔም አብሬው ነበርሁ፤ እነሱ ይህን አላወቁም። እነዚያን ሦስት ቀናት «ከማን ጋር ነው የምትሠራው?» እያሉ ሲደበድቡት እሰማ ነበር። ፈጣሪን ጠራ። እናቱን ጠራ። አንቺን ጠራ። የኔን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራም።

የአባቶቻችን አምላክ ያጽናሽ፣ እንባሽን ይቁጠርልሽ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

የባልሽን ስም የሰጠሁት ወንድምሽ፣
ሽባባው