በተራ የዋጥነው ኪኒን

ለውድ እህቴ ለእትዬ እቴነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጋሼ ዓባይስ ወገባቸውን ተሻላቸው? የሺሐረግስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ አርግዣለሁ፣ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ኪኒኑን ልኬላት የለም ወይ ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ማሚቱን ስወልድ ያ ሁሉ ደም ፈሶኝ፣ ዳግመኛ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል መባሌን ታውቂያለሽ። ክሊኒኩ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ባልሽ ካልፈረመ አንሰጥም አለኝ። በለጠ ደግሞ በገዛ እጄ ሚስቴን አላመክንም ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። አንቺ ኪኒኑን ከአዲስ አበባ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ በሰው እጅ የላክሽልኝ ያኔ ነው። ከበርበሬው ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት።

እንግዲህ ጥፋቴን ስሚ። ጎረቤቴን ሙስሊማን ታውቂያታለሽ፤ ማሚቱን የወለድኩ ቀን ደሙ እንዲቆም ነጠላዋን ቀዳ አስራኝ፣ የጫት መኪና አስቁማ ያተረፈችኝ እሷ ናት። ሰባት ወልዳለች። ኪኒኑን አይታ ለአላህ ብዬ እንዳካፍላት ስትለምነኝ በምን አፌ እምቢ እላለሁ? ጨውና እሳት የምንዋዋስ ሰዎች ነን። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ እያልን በተራ ዋጥነው። አንቺማ በየቀኑ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። የራስ ምታት ኪኒን ግማሹም ትንሽ ያስታግሳል፤ ይኼም እንደዚያ መስሎን ነው። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ቻልኩ ብዬ ስኩራራ፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ሆነብኝ። ነርሷ አንድም ቀን መዝለል እንደሌለበት የነገረችኝ ካረገዝኩ በኋላ ነው፤ ያውም በቁጣ። ባልሽ ይፈርም ብለው የመለሱኝ እነሱ አይደሉም እንዴ?

ሙስሊማን አላህ ማራት፤ አላረገዘችም። ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች። አልተቀየምኩሽም እላታለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ አንዳንድ ቀን ሆዷን ሳይ አንጀቴ ያራል። በለጠማ ነርሷ አስጠርታ ብትነግረው ደንግጦ በማግስቱ ፈርሞ መጣ። ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ጥዬዋለሁ። አሁን ምን ላድርግበት?

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የምወልደው መጋቢት ላይ ነው። ከዚያ በፊት መጥተሽ ማሚቱን ውሰጂልኝ። ከተረፍኩ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ካልሆነም ካንቺ እጅ አትውጣ። ኪኒን ካገኘሽ ለሙስሊማ ላኪላት፤ ሙሉውን ለብቻዋ ትዋጠው።

ለጋሼ ዓባይ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የሺሐረግን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። በለጠ ሰላም ብሎሻል፤ ሙስሊማም እንደዚሁ። ማሚቱ አንቺ ጋ እንደምትመጣ ከነገርኳት ወዲህ ቀሚሷን በሻሽ ቋጥራ መቼ ነው የምንሄደው ትለኛለች። አብረን የምንሄድ መስሏታል።

እህትሽ ሳህሊቱ
አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.