ላሞች የላሱት ምልክት

ጂንካ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አመመኝ ብልሽ ሌላ ሰው ትልኪብኛለሽና፣ በጣም ደህና ነኝ።

የመረጥሽልኝ ባል አቶ ወልደሰማያት ያለ እኔ ሲመለሱ ያልሽውን ሁሉ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ግን እትዬ፣ ከመፍረድሽ በፊት የእኔንም ቃል ስሚ።

ባዘዝሽኝ መሠረት ሱቄን ዘግቼ፣ ሊወስዱኝ ሲመጡ አብሬያቸው አውሮፕላን ተሳፍሬ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ለእሳቸው ልዳር ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ደመወዝተኛ ናቸው፣ አልካድኩም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የአውሮፕላን ማረፊያችን ተዘጋ። አንቺ አላየሽውም እንጂ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የከብት ነው። ሊሰፋና ጠጠር ሊለብስ ነው ተብሎ ግሬደር መጣ። ነጂው ሸዋንግዛው የሚባል የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ምሳውን እኔ ዘንድ ይበላል፤ የሆቴል ምግብ ስለማይስማማው ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

እናልሽ፣ አብራሪዎች ከሰማይ አይተው እንዳያርፉ ሜዳው ላይ ትልቅ ነጭ ምልክት ይደረግ ተባለ። ከአርባ ምንጭ ይመጣል የተባለው ኖራ የውሃ ሽታ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደለ፣ ነጭ ከሆነ ምን ልዩነት አለው ብሎ ከሱቄ ጨው በጆንያ አስወስዶ አስነሰነሰ። የአሪ እረኞች ቆመው እያዩ ትንፍሽ አላሉም። ለከብቱ በነፃ የመጣ ጨው ማን ይጠላል?

እኔም አውሮፕላን እንደማይመጣ ስለገባኝ፣ ላንቺ የምምለው መሐላ ንጹሕ እንዲሆን በቀጠሮው ቀን ሣጥኔን ሸክፌ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ ምስክሬ ነው። በሚካኤል ስም ተዘጋጅቼ ነበር ብዬ የምጽፍልሽን ደብዳቤ በልቤ ስጀምር፣ ሰማዩ አጉረመረመ።

ለካስ ከብቶቹ ምልክቱን ልሰው ጨርሰውታል! በሬዲዮ የተላከው መልእክትም የት እንደቀረ እንጃ። አውሮፕላኑ ላሞቹን አስደንብሮ ከግሬደሩ አጠገብ አረፈ። አብራሪው ወርዶ ጓድ ታደለ ላይ የስድብ ናዳ ሲያወርድበት፣ ጓድ ታደለ ጥፋቱ የአድኃሪያን ከብቶች ነው ብሎ ተከራከረ።

አቶ ወልደሰማያት በካፖርት ወረዱ። አብራሪው ሜዳው ተሠርቶ እስኪያልቅ ዳግመኛ አልመጣም፣ የሚሄድ አሁኑኑ ይግባ ብሎ ጮኸ። የሜዳው ዘበኛ ሊረዳኝ ብሎ ሣጥኔን ጫነው። እትዬ፣ ፈራሁ። ያን ደረጃ ከወጣሁ እንደማልመለስ ገባኝ። ዞር ብል ሸዋንግዛው፣ ያ ወሬ የማያልቅበት ሰው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሂጂም አላለኝ፣ አትሂጂም አላለኝ።

ለአቶ ወልደሰማያት የሱቄን በር ሳልቆልፍ ነው የመጣሁት፣ ደርሼ ልምጣ አልኳቸው። ወንበር እይዝልሻለሁ አሉኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። ሮጬ ብደርስ በሩ ተቆልፏል። ማን እንደቆለፈው እንጃ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ይህን ሳጣራ አውሮፕላኑ እሳቸውንና ሣጥኔን ይዞ ተነሣ። ወንበሩን እስከ አዲስ አበባ ይዘውልኝ ከሆነ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሸዋንግዛው ሜዳው ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላል። ሥራ ማቻኮል አይወድም።

ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ልብስ እንደፈለግሽ አድርጊው። ጥበብ ቀሚሴን ብቻ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በመኪና ላኪልኝ። የወይጦ መንገድ አቧራ ነውና በደንብ ጠቅልዪው። ራስሽ ይዘሽው ብትመጪ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ በእሷ ቦታ ቆሞ የሚመርቀኝ ሰው የለኝም። ተቆጪኝ፣ ግን ነይ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለመንገዱም ያብቃሽ።

ዓይን ዓይንሽን የምትናፍቅ
ታናሽ እህትሽ